ኸንደቁ እንዴት ተቆፈረ? ከአሕዛብ ዘመቻ ስለ አብሮ መሥራት የምንማረው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



የአሕዛብ ዘመቻ ሲነሳ ብዙዎቻችን ቶሎ የምናስታውሰው ሦስት ነገር ነው፦ የሰልማን (ረ.ዐ) ሐሳብ፣ የተሰባበረው ቋጥኝ፣ መጨረሻ ላይ ጠላትን የበተነው ነፋስ። አልሐምዱሊላህ፣ ሁሉም ትልቅ ታሪክ ነው። ነገር ግን በሐሳቡና በነፋሱ መካከል ብዙ ቀንና ሌሊት አለ። በእነዚያ ቀናት ወደ 3,000 የሚጠጉ ሰዎች በብርድ፣ በረሃብና በፍርሃት መሬት ቆፍረዋል፣ አፈር ተሸክመዋል፣ ሌሊት ተራ ገብተው ጠብቀዋል። ያን ሁሉ ሰው ያስተባበሩት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሥራውን እንዴት አከፋፈሉት? መጥፎ ወሬ ሲመጣ እንዴት አስነገሩት? የደከመውን ምን አሉት? ሳያስፈቅድ ሹልክ ብሎ የሄደውስ ነገር እንዴት ሆነ?

ጥያቄው የእኛም ጥያቄ ነው። አንዳችን ሱቅ ውስጥ ሦስት ልጆች እናሠራለን፣ ሌላችን ግንባታ ላይ ፎርማን ነን፣ አንዷ እህታችን ቢሮ ውስጥ የክፍል ኃላፊ ናት፣ ሌላው ወንድማችን የሰፈሩን የወጣቶች ጀመዓ ያስተባብራል። ጥሩ ኒያ ይዘው የተነሱ ስንት ጀመዓዎች በገንዘብ እጦት ሳይሆን በንግግር ፈረሱ! «ሳያማክሩን ወሰኑ»፣ «እሱ ማዘዝ እንጂ መሥራት አያውቅም»፣ «ሰው ፊት አዋረደኝ»፣ «ግሩፑ ላይ ለጥፎ ሁሉን አስደነገጠ»። ይህ ሁሉ ቅሬታ መልስ ያለው ሲራችን ውስጥ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የአላህ መልእክተኛ ናቸውና የእሳቸውን ሕይወት ወደ ሥራ አስኪያጅነት ማሳነስ ተገቢ አይደለም። ነገር ግን ሰውን የያዙበት መንገድም ሱናቸው ነው፣ ሱናን ደግሞ የምናነበው ልንከተለው ነው።

ከኡሑድ በኋላ የመጣው ትእዛዝ

ነገሩን ለመረዳት ሁለት ዓመት ወደ ኋላ እንመለስ። በ3ኛው ዓመተ ሒጅራ የቁረይሽ ጦር ወደ መዲና ሲመጣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከተማዋ ውስጥ ሆኖ መከላከሉን መርጠው ነበር። ብዙ ሰሃቦች ግን፣ በተለይ በድር ያመለጣቸው ወጣቶች፣ ወጥተን እንግጠም አሉ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሐሳባቸውን ተቀብለው ወጡ። ተራራው አጠገብ በዐብደላህ ኢብኑ ጁበይር (ረ.ዐ) መሪነት 50 ቀስተኞችን አቆሙ፤ ብናሸንፍም ብንሸነፍም ከቦታችሁ ንቅንቅ እንዳትሉ ብለውም አዘዙ። ቀስተኞቹ ጠላት ሲሸሽ ባዩ ጊዜ አብዛኞቹ ወደ ምርኮው ወረዱ። ከዚያ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። 70 ያህል ሰሃቦች ሸሂድ ሆኑ፤ የረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) ፊት ቆሰለ፣ ጥርሳቸው ተሰበረ።

እስቲ ቆም ብለን እናስብ። ሰዎቹን አማከርክ፣ ሐሳባቸውን ተቀበልክ፣ ከዚያ ትእዛዝህን ጣሱ፣ ዋጋውን አብረህ ከፈልክ። ከዚህ በኋላ ማን ነው ደግሞ የሚያማክረው? አብዛኞቻችን «ከአሁን በኋላ እኔ ያልኩት ብቻ ይሆናል» እንል ነበር። አላህ (ሱ.ወ) ግን ስለ ኡሑድ ባወረደው የሱረቱ ኣሊ ዒምራን ክፍል፣ በ159ኛው አያ፣ ለነቢዩ ሌላ መንገድ አሳያቸው። የአያው መልእክት ለሰዎቹ የለዘብከው በአላህ እዝነት ነው፣ ደረቅና ልበ ጨካኝ ብትሆን ኖሮ ጥለውህ ይበታተኑ ነበር የሚል ነው። ከዚያም ይቅር እንዲሏቸው፣ ምሕረት እንዲለምኑላቸው፣ እንዲያማክሯቸው፣ ከቆረጡ በኋላ ደግሞ በአላህ እንዲመኩ ያዛል።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። ይቅርታው ከምክክሩ ቀድሟል። ልብህ ውስጥ ቂም ይዘህ ሰውን ስታማክር፣ ሰውየው ያውቅብሃል፤ የልቡን አይነግርህም። ምክክሩም ማብቂያ አለው፤ አንድ ቀን ይቆረጣል፣ ከተቆረጠ በኋላ ወደ ፊት ነው። እንግዲህ በ5ኛው ዓመተ ሒጅራ ወደ ኸንደቅ የገባው ማኅበረሰብ ይህን ትምህርት የተማረ ማኅበረሰብ ነበር።

የአዲሱ ሰው ሐሳብ

ኢብኑ ኢስሓቅ እንደዘገቡት ዘመቻው በ5ኛው ዓመተ ሒጅራ በሸዋል ወር ነበር፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር 627 መሆኑ ነው። ከመዲና የወጡ የበኑ ነዲር መሪዎች ቁረይሽንና ገጠፋንን አስተባብረው ወደ 10,000 የሚሆን ጦር ተነሳ። መዲና ውስጥ የነበረው ተዋጊ 3,000 ያህል ብቻ ነበር። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሰሃቦችን ሰብስበው አማከሩ። ሰልማን አልፋሪሲ (ረ.ዐ) ፋርስ አገር ጠላት ሲከበን ዙሪያችንን ጉድጓድ እንቆፍር ነበር ሲሉ ሐሳብ አቀረቡ።

እዚህ ላይ ሰልማን ማን እንደነበሩ እናስታውስ። ዐረብ አይደሉም፤ መዲና ውስጥ የሚከራከርላቸው ጎሳ የላቸውም። ለረጅም ጊዜ ባርያ ሆነው ስለኖሩ በድርም ኡሑድም አልተሳተፉም። ነፃ የወጡት 300 የተምር ችግኝና 40 ኡቂያ ወርቅ ለጌታቸው ለመክፈል ተስማምተው፣ ችግኙን ሰሃቦች አዋጥተውላቸው ነው። ኸንደቅ የመጀመሪያ ዘመቻቸው ነበር። በዛሬ ቋንቋ «ትናንት የገባ ልጅ» ይባሉ ነበር። ሐሳባቸው ግን ሐሳቡ ብቻ ተመዘነ፤ ትክክል ሆኖ ተገኘ፤ ተወሰደ። ነገሩ ለዐረቦች እንግዳ ስለነበር ኸንደቅ የሚለው ቃል እንኳ ከፋርስኛ የመጣ ነው። የቁረይሽ ጦር ደርሶ ጉድጓዱን ሲያይም ይህ ዐረቦች የማያውቁት ዘዴ ነው ብሎ ተደነቀ።

የሰልማን ሐሳብ እንዳለ አልተገለበጠም። መዲና በምሥራቅና በምዕራብ ፈረስ የማያስገባ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አላት፤ በደቡብ በኩል የተምር እርሻና የተጠጋጋ ቤት አለ። ክፍት የነበረው ሰሜኑ ነው። ስለዚህ ጉድጓዱ የተቆፈረው በሰሜን በኩል ሆነ፣ ሰልዕ የተባለው ተራራም ከጀርባቸው ሆነ። አንዱ ዘዴውን አመጣ፣ አገሬዎቹ መሬቱን ያውቁ ነበር። ሁለቱ ዕውቀት ሲገናኝ ከተማው ሁሉ መቆፈሩ ቀርቶ በቀናት የሚያልቅ ሥራ ሆነ።

አሥር ሰው፣ አርባ ክንድ

በሲራ መጻሕፍት እንደተዘገበው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መስመሩን አስምረው ለየአሥሩ ሰው 40 ክንድ ደለደሉ። ይህች አጭር ዘገባ ብዙ ትነግረናለች። «በርቱ፣ ሁላችሁም ቆፍሩ» ቢባል ኖሮ ብርቱው ይሞታል፣ ሰነፉ ይደበቃል፣ ማን ምን እንደሠራ አይታወቅም። አሥር ሰው ግን እርስ በርሱ ይተዋወቃል። የታመመው ይታወቃል፣ የቀረው ይታወቃል፣ ድርሻው የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ በዓይን ይታያል። መሪው 3,000 ሰው በየደቂቃው መከታተል አይጠበቅበትም።

ክፍፍሉ ሲወጣ ሙሃጂሮቹ ሰልማን የእኛ ነው፣ አንሷሮቹም የእኛ ነው እያሉ ተከራከሩባቸው፤ ጠንካራ ሠራተኛ ነበሩና። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) ሰልማን ከእኛ ከአህለል በይት ነው ማለታቸው ተዘግቧል። ጎሳ የሌለው ሰው ከሁሉ የከበረ ቤተሰብ ተሰጠው። ክርክሩም ማንም ሳይሸነፍ በዚያው አበቃ።

የሥራ ዕቃ እጥረትም ነበር። ዋቂዲ እንደሚተርኩት ዶማ፣ አካፋና ቅርጫት ያኔ ገና የቃል ኪዳን ጎረቤት ከነበሩት ከበኑ ቁረይዛ ተውሰዋል። ያም ሆኖ ቅርጫት ጎደለ፤ አቡ በክርና ዑመር (ረ.ዐ) አፈሩን በልብሳቸው እያቀፉ ይሸከሙ ነበር። በሙስሊሞች ዘንድ ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ቀጥሎ ትልቁን ቦታ የያዙ ሁለት ሰዎች ቅርጫት እስኪመጣ ቆመው አልጠበቁም።

ሆዳቸውን አፈር የሸፈነው መሪ

አልበራእ ኢብኑ ዓዚብ (ረ.ዐ) ቡኻሪ ውስጥ በተዘገበው ሐዲስ ያዩትን ይናገራሉ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከሰዎቹ ጋር አፈር ሲያመላልሱ አቧራው የሆዳቸውን ቆዳ ሸፍኖት ነበር። እየሠሩም የዐብደላህ ኢብኑ ረዋሓን (ረ.ዐ) ስንኞች ይሉ ነበር፤ የመጨረሻዋን ቃል ደግሞ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይስቧት ነበር። አነስ (ረ.ዐ) ደግሞ አንድ ብርዳማ ማለዳ ይተርኩልናል። ሙሃጂሮችና አንሷሮች የሚቆፍርላቸው አገልጋይ ስላልነበራቸው ራሳቸው ይቆፍራሉ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ድካማቸውንና ረሃባቸውን ሲያዩ በስንኝ ዱዓ አደረጉላቸው፣ እነሱም በስንኝ መለሱላቸው።

ደቦ ላይ የዋለ ሰው ይህን ያውቀዋል። አዝማች ሲያወጣ ተቀባይ ሲመልስ ክንድ ይበረታል፣ የፀሐዩም ነገር ይረሳል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዳር ቆመው «በርቱ» የሚሉ አልነበሩም። ኢብኑ ኢስሓቅ አንድ ጣፋጭ ነገር ይጨምራሉ። ጁዐይል የሚባል ሰው ነበር፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ስሙን ለውጠው ዐምር አሉት። ሠራተኞቹ በዚሁ የስም ለውጥ ስንኝ ቋጥረው ሲያዜሙ ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) የስንኙን ማሰሪያ ቃል አብረዋቸው ይሉ ነበር። ጠላት በመንገድ ላይ ነው፤ እሳቸው ግን የሠራተኞቹን ጨዋታ ይቀበላሉ።

ከዚያ ቋጥኙ መጣ። ሰሃቦች ዶማ አልበገር ያላቸው ድንጋይ ሲገጥማቸው ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሄዱ። እሳቸውም እኔ እወርዳለሁ ብለው ተነሱ። ጃቢር (ረ.ዐ) ሲናገሩ ሆዳቸው ላይ ድንጋይ ታስሮ ነበር፤ ሦስት ቀን የሚቀመስ ነገር አላገኘንም ይላሉ። ዶማውን አንስተው መቱት፤ ቋጥኙ እንደ አሸዋ ፈሰሰ። ሠራተኛ «አልቻልኩም» ብሎ ሲመጣ ሁለት ዓይነት መልስ አለ። አንዱ «ታዲያ እኔ ምን ላድርግ፣ ሥራህ ነው» ይላል። ሌላው ዶማውን ይቀበላል።

ጃቢር (ረ.ዐ) ያን ረሃብ አይተው መቻል አቃታቸው። አስፈቅደው ወደ ቤት ሄዱ። ቤት ውስጥ ያለው አንዲት ትንሽ ፍየልና አንድ ሷዕ ገብስ ነበር። ፍየሏን አረዱ፣ ባለቤታቸው ገብሱን ፈጩ። ከዚያ መጥተው ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) በጆሯቸው፣ ትንሽ ምግብ አለች፣ አንድ ሁለት ሰው ይዘው ይምጡ አሏቸው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ግን ኸንደቁ ላይ ላለው ሰው ሁሉ ጥሪ አደረጉ። ድስቱ እንዳይወርድ፣ ዳቦውም ከምድጃ እንዳይወጣ እስክመጣ ጠብቁ አሉ። በገዛ እጃቸው እየቆረሱ፣ ሥጋ እያደረጉ አቀረቡ። 1,000 ሰው በልቶ ጠግቦ ድስቱ እንዳለ ነበር። ይህ የአላህ ተአምር ነው፣ እኛ ልንደግመው አንችልም። ልንደግመው የምንችለው ከተአምሩ በፊት ያለውን ነው፦ የተራበ ሠራተኛ እያለ መሪው ለብቻው ጓዳ ገብቶ አልበላም።

ፈቃድና ክብር

ሥራው ሁሉንም እኩል አልተዋጠላቸውም። ሙናፊቆቹ ትንሽ ነካ ነካ እያደረጉ፣ ከዚያም ሳያስፈቅዱ ወደ ቤታቸው ይሾልኩ ነበር። ሙእሚኖቹ ደግሞ የግድ የሆነ ጉዳይ ሲገጥማቸው ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ይናገራሉ፣ ይፈቀድላቸዋል፣ ጉዳያቸውን ጨርሰው ይመለሳሉ። ኢብኑ ኢስሓቅ እንደሚሉት የሱረቱ ኑር 62ኛው አያና ተከታዩ በዚህ ጉዳይ ወረዱ። አያው የጋራ ጉዳይ ላይ ሳሉ ሳያስፈቅዱ አለመሄድን ከእምነት ጋር አያይዞታል። ለመሪውም ከሚጠይቁህ ለፈለግከው ፍቀድ፣ ምሕረትም ለምንላቸው ብሎታል። ስለዚህ «እረፍት ጠየቀ» ብሎ ፊት ማጥቆር ከዚህ ትምህርት ጋር አይሄድም። ሳይናገሩ መጥፋትም እንደዚሁ። ስልክ ዘግቶ መቅረት የድሮዎቹ ሾላኮች ልማድ ነው።

አንድ ሌላ ዘገባ አለ። ያኔ ገና ልጅ የነበሩት ዘይድ ኢብኑ ሳቢት (ረ.ዐ) ድካም አሸንፏቸው ኸንደቁ ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳቸው። አንድ ባልደረባቸው ለቀልድ መሣሪያቸውን ወሰደባቸው፤ ሲነቁ አጥተውት ደነገጡ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘይድን እንቅልፋሙ ብለው በፍቅር ቀለዱባቸው፤ መሣሪያውን አስመለሱላቸው፤ ሙስሊምን ማስደንገጥንና ዕቃውን በቀልድ መውሰድን ግን ከለከሉ። ቀልዱ የት ላይ እንደሚቆም አየን? ለተኛው ፈገግ ተባለለት። በደካማው ላይ መሳቂያ ማድረግ ግን ተከለከለ። ያ እንቅልፋም ልጅ በኋላ ቁርኣንን የመሰብሰብ ከባድ አማና የተጣለበት ሰው ሆነ።

መጥፎ ወሬ እንዴት ይነገራል?

ጠላት ደርሶ ከበባው ከጀመረ በኋላ ከሁሉ የከፋው ወሬ መጣ፦ ከጀርባ ያሉት በኑ ቁረይዛ ቃል ኪዳናቸውን አፍርሰዋል ተባለ። እውነት ከሆነ ሴቶችና ሕፃናት ያሉበት ወገን ተጋልጧል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ወሬውን ይዘው ወደ ሕዝቡ አልወጡም፤ ማጣራት አስቀደሙ። የአውስና የኸዝረጅን መሪዎች፣ ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝንና ሰዕድ ኢብኑ ዑባዳን (ረ.ዐ)፣ ከሌሎች ጋር ላኩ። መመሪያቸውም ሁለት መንገድ ነበረው። ወሬው እውነት ከሆነ እኔ በምረዳው ፍንጭ ንገሩኝ፣ የሰውን ወኔ አትስበሩ። ሐሰት ከሆነ ግን ለሁሉም በግልጽ ተናገሩ።

ተመልሰው ሁለት የጎሳ ስም ብቻ ጠሩ፦ ዐደልና ቃራ። እነዚህ ጎሳዎች ቀደም ሲል ረጂዕ በተባለ ቦታ ሰሃቦችን የከዱ ናቸው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ተረዱ፤ ተክቢራ አደረጉ፣ ሙስሊሞችንም አበሠሩ። ከዚያ በኋላ መዲናን የሚጠብቁ ሰዎች ተመደቡ።

ወንድሜ፣ እህቴ! ይህን ከእኛ የስልክ ልማድ ጋር አስተያዩት። ያልተጣራ ድምፅ ይደርሰናል፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ አምስት ግሩፕ ላይ ነው። «ድርጅቱ ሊዘጋ ነው»፣ «ደመወዝ የለም አሉ»፣ «ኮሚቴው ተጣልቷል»። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ወሬን ለዘላለም አልደበቁም፤ ሰሃቦች ሁኔታውን በኋላ አውቀውታል፣ ሱረቱል አሕዛብም ያን ጭንቀት በግልጽ ተርኮታል። ግን መጀመሪያ ማን ይስማ፣ ምን ከተዘጋጀ በኋላ ይሰማ የሚለውን ለዩ።

የተሰረዘው ስምምነት

ከበባው ሲጠና ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ለሰዎቻቸው አዘኑ። የገጠፋን መሪዎች የመዲናን ተምር አንድ ሦስተኛ ወስደው እንዲመለሱ ድርድር ጀመሩ፤ ጽሑፉም ተዘጋጀ። ከመጽደቁ በፊት ግን የተምሩን ባለቤቶች፣ ሁለቱን ሰዕዶች፣ አማከሩ።

እነሱም ከመልሳቸው በፊት ጠየቁ። ይህ እርስዎ የሚወዱት ነገር ነው? አላህ ያዘዘዎት የግድ የምንፈጽመው ነው? ወይስ ለእኛ ብለው የሚያደርጉት ነው? ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ለእናንተው ብዬ ነው፣ ዐረቦች በአንድ ቀስት ሲወረውሩባችሁ አይቼ ነው አሉ። ያኔ ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ (ረ.ዐ) ተናገሩ። በሺርክ ዘመናችን እንኳ በእንግድነት ወይም በግዢ ካልሆነ አንዲት ተምር ከእኛ አይቀምሱም ነበር፤ አላህ በኢስላምና በእርስዎ ካከበረን በኋላ ገንዘባችንን እንሰጣቸዋለን? አንሰጥም። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) ሐሳባቸውን ተቀበሉ፤ ሰዕድም ጽሑፉን ወስደው ፊደሉን አጠፉት።

የሰዕድ አደብ የሚገርም ነው። ወህይ ከሆነ ሰምተን ታዘናል፤ ለእኛ ታስቦ ከሆነ ግን ሐሳብ አለን ማለታቸው ነው። ዛሬም ሠራተኛ ይህን መለየት አለበት፦ አለቃዬ የወሰነውን እየነገረኝ ነው ወይስ እያማከረኝ? አለቃም ይህን በግልጽ መናገር አለበት። ወስኖ የጨረሰውን ነገር «ምን ትላላችሁ?» የሚል ሰው፣ ሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቅ የሚመልስለት አያገኝም።

10,000ው ለምን ተበተነ?

በኸንደቁ ማዶ ያለውን ጦር ደግሞ እንየው። በቁጥር ሦስት እጥፍ ነው። ነገር ግን ቁረይሽ በቀል ፈልጎ፣ ገጠፋን ተምር ፈልጎ፣ በኑ ቁረይዛ ደግሞ ተገፋፍቶ ነው የመጣው። ኑዐይም ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) እስልምናቸውን ደብቀው ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሲመጡ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አንተ አንድ ሰው ነህ፣ ከቻልክ አዳክምልን አሏቸው። ኑዐይም ሰይፍ አላነሱም። ለበኑ ቁረይዛ፣ ቁረይሽ ጥሎላችሁ ይሄዳል፣ መያዣ የሚሆኑ ሰዎች ጠይቁ አሉ። ለቁረይሽና ለገጠፋን ደግሞ፣ ሰዎቻችሁን የሚጠይቁት ለሙሐመድ አሳልፈው ሊሰጡ ነው አሉ። ቁረይሽ በነጋታው እንግጠም ብሎ ላከ፤ በኑ ቁረይዛ ሰንበት ነው፣ ደግሞም መያዣ ካልሰጣችሁን አንዋጋም ብሎ መለሰ። ሁሉም «የተባለው እውነት ነው» አለ።

በአንድ ሰው ወሬ የፈረሰው ቀድሞም ያልተማመነ ኅብረት ስለነበር ነው። በዚህኛው ወገን አብሮ አፈር የተሸከመ፣ አብሮ የተራበ፣ ሐሳቡ የተሰማለት ሕዝብ ነበር። ከዚያም አላህ ነፋሱን ላከ። ድሉ ከአላህ ነው፤ ሰሃቦች ግን ሰበቡን አላጓደሉም።

የሑዘይፋ ሌሊት

ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ አንድ ሰው ሑዘይፋ (ረ.ዐ) ዘንድ ሆኖ፣ እኔ ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ባገኝ ኖሮ ከጎናቸው ተዋግቼ እንዲህ እንዲህ አደርግ ነበር አለ። ሑዘይፋም «አንተ ታደርገው ነበር?» በሚል ስሜት ያን ሌሊት ተረኩለት። ነፋሱ ኃይለኛ፣ ብርዱ የሚቆራርጥ ነበር። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የጠላትን ወሬ የሚያመጣልኝ ማነው፣ አላህ የቂያማ ቀን ከእኔ ጋር ያደርገዋል አሉ። ሁሉም ዝም አለ። ሦስት ጊዜ ጠየቁ፣ ሦስቱንም ጊዜ ዝም ተባለ።

ልብ በሉ፣ በዚሁ ዘመቻ ቀደም ሲል ተመሳሳይ ጥሪ ሲያደርጉ ዙበይር (ረ.ዐ) ሦስቴም እኔ ብለው ተነስተዋል። አሁን ግን ሰው ደክሟል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በዝምታው አልተቆጡም፣ «እናንተ ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ» አላሉም። በስም ጠሩ፦ ሑዘይፋ ተነስ። ሑዘይፋ እንደሚሉት ስሜን ከጠሩ በኋላ መነሳት ግድ ሆነብኝ። ትእዛዙም አጭር ነበር፦ ወሬያቸውን አምጣልኝ፣ በእኔ ላይ አታስነሳቸው። የሚሠራው አንድ፣ የማይሠራው አንድ።

ሑዘይፋ ሲሄዱ ብርዱ ጠፍቶላቸው ሞቃት ሐማም ውስጥ የሚራመዱ መሰላቸው። አቡ ሱፍያንን፣ ያኔ ገና አልሰለሙም፣ ጀርባቸውን እሳት ሲያሞቁ አዩዋቸው። ቀስታቸው ላይ ፍላፃ ደገኑ፤ ቢለቁት አይስቱም ነበር። የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ቃል ትዝ አላቸውና ተዉት። ተመልሰው ወሬውን ሲያደርሱ ብርዱ እንደገና ያዛቸው። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) ሲሰግዱበት በነበረው ኩታ አለበሷቸው፤ እስኪነጋ ተኙ፣ ሲነጋም ተነስ አንተ እንቅልፋም ብለው በፍቅር ቀሰቀሷቸው። መልእክተኛ ተልኮ ሲመለስ ወሬው ብቻ አልተወሰደም፣ እሱም ተሸፈነ።

አንድ ትእዛዝ፣ ሁለት መረዳት

አሕዛቦቹ ከሄዱ በኋላ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ማንም ዐስርን በኑ ቁረይዛ ዘንድ እንጂ እንዳይሰግድ አዘዙ። በመንገድ ላይ ሰዓቱ ደረሰ። ከፊሎቹ የተፈለገው እንድንፈጥን ነው እንጂ ሶላት እንድናሳልፍ አይደለም ብለው ሰገዱ። ከፊሎቹ የተባልነውን እንፈጽማለን ብለው እዚያ እስኪደርሱ አቆዩ። ነገሩ ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሲነገር አንዱንም ወገን አልወቀሱም። ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ናቸው የነገሩን፤ ቡኻሪ ዘግበውታል።

ሁለቱም ወገን ሊታዘዝ ፈልጎ ነው። የትእዛዝን ቃል የያዘና የትእዛዝን ዓላማ የያዘ ሰው በየሥራው ቦታ አለ። ቅን ሆኖ የተረዳውን የሠራን ሰው «አልሰማኸኝም» ብሎ ማሸማቀቅ፣ ሁለተኛ እንዳያስብ ማድረግ ነው። ሰሃቦችም በመንገድ ላይ በዚህ ተጣልተው አልተለያዩም፣ ሁሉም ወደዚያው ቦታ ደረሱ።

እንግዲህ ወንድሞችና እህቶች፣ ከ20 ሌሊት በላይ የቆየው ያ ከበባ ሲያልፍ ከሙስሊሞቹ ሸሂድ የሆኑት 6 ናቸው፤ አንዱ ያን ስምምነት የሰረዙት ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ (ረ.ዐ) ነበሩ፣ በዚያ ዘመቻ በቆሰሉት ቁስል ሞቱ። ከተማዋ ግን ተረፈች። ነገ ሱቅህን ስትከፍት፣ ቢሮሽ ስትገቢ፣ ጀመዓችሁ ከዒሻ በኋላ ሲሰበሰብ፣ ከእነዚህ አንዱን ሞክሩ። ዝም ያለውን አዲሱን ልጅ ሐሳቡን ጠይቁት። የእያንዳንዱን ድርሻ በግልጽ ለዩለት። ሲደክም ዶማውን ተቀበሉት። ሳታጣሩ አትናገሩ። የላካችሁትን ሰው ሲመለስ «ደከመህ?» በሉት። ሥራው የአላህ አማና ነው፣ አብሯችሁ የሚሠራውም ሰው አማና ነው።

አላህ (ሱ.ወ) ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አኽላቅ የምንወርስ፣ ልባችን የተገጣጠመ ኡማ ያድርገን። ኣሚን። ወላሁ አዕለም።